ባለጨረሩ የካደ ዕለት

ሠረገላው ድልድዩን ሲወጣ አንደኛው ፈረስ ተደናቅፎ ሻለቃው ጭን ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ሻለቃው የጦሩ ዋና ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ የተደረደረ፣ ነጭ ጓንት የሚያደርጉ፣ ሰው አጠገባቸው ካስነጠሰ የሚቆጡ ትልቅ ሰው። እኔ ደግሞ ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር ከቤት የወጣሁ የሆስፒታል ሠራተኛ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው የመሣሪያ ሣጥናቸውን እንዳቀፉ፣ ወደ እኔ ዞር ሳይሉ፣ ባልሽ ዛሬም እምቢ ካለ አስሬ አልቆርጠውም፣ ከወዲሁ እወቂው አሉኝ። እሺ ጌታዬ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሌ ግራ እጅ እየሞተ ነበር። ሁለቱ ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ ቁስሉ መዳፉን አልፎ የእጁ አንጓ ጋ ደርሷል፣ ብብቱ ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ሻለቃው በዋዜማው አይተውት፣ ዛሬ ከክርኑ በታች ከተቆረጠ ይተርፋል፣ ሳምንት ካደረ ከትከሻው ነው፣ ከዚያ ካለፈ የሚያስፈልገው ሐኪም ሳይሆን ጉድጓድ ቆፋሪ ነው ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። ጦሩ ደግሞ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በባቡር ሊነሳ ነው፤ እሳቸውም አብረው ይሄዳሉ። በከተማችን ከእሳቸው በቀር የሰው ክንድ ቆርጦ ሰውየውን በሕይወት የሚመልስ አልነበረም። የእኛ ሆስፒታል ሐኪም እብጠት ማፍረጥ ራሱ ያርበተብተዋል።

ባሌ ግን እምቢ አለ። እጁን ስለሚወድ ብቻ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ እጁን የማይወድ ማን አለ። የእሱ ነገር ሌላ ነው። እጄን የበላው ጨረሩ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው፣ ያ ነገር ሲወገድ ይድናል ብሎ ድርቅ አለ።

ባሌን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ባለጨረሩ እያለ ነው። ድሮ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። የራጅ መሣሪያው በገለባ ታሽጎ በጋሪ የመጣ ጊዜ አስተዳዳሪው ጥንቁቅ እጅ ያለው ሰው ሲያፈላልጉ እሱን አገኙት፤ ከዚያ ወዲህ ከመሣሪያው አልተለየም። የመስታወቱ አምፖል በትልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሣጥኑ ፊት ክፍት ነው። ሽቦው መንጣጣት ሲጀምር አምፖሉ አረንጓዴ ያበራል፤ ያ አረንጓዴ ግን ጨረሩ አይደለም። ጨረሩ አይታይም፣ አይሞቅም፣ አይሸትም። ሥጋን፣ ልብስን፣ ሳንቃን አልፎ ይሄዳል፤ የሚገታው አጥንትና ብረት ነው፣ ከብረትም ይልቅ እርሳስ የሚባለው ጣራ የሚደፈንበት ለስላሳ ማዕድን። ይህን ሁሉ የማውቀው ተምሬ አይደለም፤ ባሌ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ስለሌለው ነው።

አምፖሉ ደግሞ አመለኛ ነው። አንድ ቀን ይደክማል፣ አንድ ቀን ይበረታል። ስለዚህ ባሌ በየጠዋቱ፣ የመጀመሪያው በሽተኛ ሳይገባ፣ የራሱን ግራ እጅ በአምፖሉና በሚያበራው ሰሌዳ መካከል ያስገባና የገዛ አጥንቱን ያያል። አጥንቱ ጠቁሮ፣ ሥጋው ደብዝዞ ሲታየው አምፖሉ ደርሷል ይላል። ጨው እንደ መቅመስ ማለት ነው። በዚያ ዘመን በዚያ ሥራ ያሉ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፤ ተው ያላቸው አልነበረም። እኔ ደግሞ ጎን ካለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶው የተነሳበትን መስታወት በፈሳሽ እያጠብኩ አጥንቱን አወጣለሁ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ሠርተን አንድ ላይ እንገባለን።

የባሌ ታላቅ ወንድም ቄስ ናቸው። ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ቤተ ክርስቲያን የእሳቸው ነው፤ ሁላችንም አባ እንላቸዋለን፣ ባሌ ብቻ ጋሼ ይላቸዋል። እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ቤት ነው የሚበሉት፤ ታዲያ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ነገር ይጀመራል። ባሌ፣ ያላየኸውን ጌታ እንዴት ትሰብካለህ ይላል። አባ፣ አንተስ ጨረርህን አይተኸዋል ወይ ይላሉ። ባሌ፣ ሥራውን አያለሁ፣ አጥንት ያሳየኛል ይላል። አባ፣ እኔም ሥራውን አያለሁ፣ አጥንቱን የሠራው እሱ ነው ይላሉ። ያኔ ባሌ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ እኔን የፈለገ ሰው መጥቶ ሊፈትነኝ ይችላል፣ አንተ ጋ የሚፈትን ግን ኃጢአተኛ ይባላል ብሎ ይስቃል። አባ ፊታቸው ይቀላል። ያላዩትን ነገር ይዘው ሁለቱ ሲፋጠጡ የሚታየውን ሳህን የማነሳው እኔ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ያንገሸግሹኝ ነበር።

የባሌ እጅ መቁሰል ሲጀምር አባ አንድ እሑድ፣ ይህ የትዕቢት ቅጣት እንዳይሆን ብለው ተናገሩት። ባሌ ማንኪያውን ወርውሮ ተነሳ፤ ብዙ ጊዜ ተኮራረፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት አባ በፈቃዳቸው ራጅ ክፍል መጡ። ከሣጥኑ ጀርባ በርጩማ ስበው፣ ያንን ሰፊ ካባቸውን ለብሰው፣ ግራ እጃቸውን በእጅጌያቸው እንደሸፈኑ የሣጥኑ ጎን ላይ ደገፍ አድርገው እስከ ቀትር ሲያዩ ዋሉ። በማግሥቱም መጡ፣ በሦስተኛውም። ወሩ አልቆ ሌላው እስኪጋመስ መመላለሳቸውን አላቋረጡም። ባሌ ደስታው ወሰን አጣ፤ ማታ ማታ ጋሼ ሊያምን ነው፣ ቆይ ታያለሽ ይለኛል። እኔም ታረቁልኝ ብዬ ዳቦና ሻይ እልክላቸው ነበር። ከዚያ ድንገት ቀሩ። ሰው ሳይነግር ሲቀር ደግሞ እንደሚያናድደኝ ያውቃሉ።

ሠረገላው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመና ሻለቃውን እያስከተልኩ ወደ ውስጥ ገባሁ። ኮሪደሩ ከግንባር በመጡ ቁስለኞች ሞልቷል፤ መተላለፊያው ላይ ራሱ ሰው ተኝቷል። ራጅ ክፍል ከውስጥ ተቆልፏል። ጆሮዬን በሩ ላይ ሳደርግ ሽቦው ሲንጣጣ ሰማሁ። ሰውዬው በዚያ እጁ እየሠራ ነው።

«ክፈት፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

ከፈተ። ተላጭቶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ የሰዓቱን ሰንሰለት ሰደርያው ላይ አንጠልጥሎ፣ የተጠቀለለውን ግራ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር የቆመው። ሙሽራ ይመስላል ልበል። ሊቀበለን ፈገግ እንደማለት ብሎ ወደ ሣጥኑ ተመለሰና፣ እባክዎ ሻለቃ አንድ ጊዜ፣ አምፖሉ ገና አልደረሰም አለ። ከዚያ ዓይኔ እያየ ቀኝ እጁን አስገባ።

ቀኝ እጁን። ግራው ስላመመው በቀኙ መቅመስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሰሌዳው ላይ የደህናው እጁ አጥንት አንድ በአንድ ተዘርግቶ ታየኝ፤ የቀለበት ጣቱ ላይ የጋብቻ ቀለበታችን እንደ ጥቁር ክር ተጠምጥሟል። የበሩን እጀታ ጨምድጄ ያዝኩ። ሻለቃው ግን አልፈውኝ የሽቦውን ማብሪያ ዘጉት። መንጣጣቱ ቆመ።

«ያለህ ሁለት እጅ ነው» አሉት። «ሦስተኛ እንዳለህ ነው የምትሠራው።»

ባሌ አልተቆጣም። ያ ነው ያስደነገጠኝ፤ ለበሽተኛ እንደሚያስረዳው አድርጎ ቀስ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ጨረሩ ቢያቃጥል ይሞቅ ነበር፣ አይሞቅም። ቢጎዳ ሲገባ ያም ነበር፣ አያምም። ስለዚህ እጁን ያበላሸው የፎቶው መስታወት የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። እኔ እዚህ ጋ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁለቱንም እጆቼን አፍንጫው ሥር ዘረጋሁለት፤ ያን ፈሳሽ በየቀኑ የምነካካው እኔ ነኝ፣ አንተ በሳምንት አንዴ ብትነካው ነው፣ የታል የእኔ ቁስል አልኩት። አየና ትንሽ አሰበ። እሺ፣ ፈሳሹ ካልሆነ የሽቦው ብልጭታ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ቆዳ ያደርቃል አለ። ሻለቃው በሌሎች ከተሞች ጣት የሌላቸው ባለጨረሮች በዓይናቸው እንዳዩ ነገሩት። ባሌ መለሰላቸው፤ እነሱም ሽቦ ይነካሉ፣ እነሱም ፈሳሽ ይነካሉ፣ ታዲያ ጨረሩ መሆኑን በምን ለዩት አለ።

እኔ በዚያ ሰዓት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጃችን በሳንባ ምች የሞተችብን ጊዜ፣ አምላክ እንዲህ አያደርግም፣ ሐኪሙ ነው፣ ብርዱ ነው፣ ሞግዚቷ ነች እያልኩ ቤቱን ስዞር ባሌ እጄን ይዞ አስቀምጦኝ ነበር። የምትወጂው ነገር ክፉ ሊሠራ አይችልም ብለሽ ነው፣ ማስረጃውን አልቀበልም እያልሽ ነው ብሎኝ ነበር። እንዴት እንደጠላሁት በዚያ ቀን። አሁን ግን ቃሉን አንድም ሳላስቀር መለስኩለት።

«የምትወደው ነገር ክፉ ሊሠራ አይችልም ብለህ ነው» አልኩት። «ጨረሩ መኖሩን ታምናለህ፤ የሚፈራ መሆኑን ግን ክደሃል። እኔ ቢያንስ አምላኬን እፈራዋለሁ።»

ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ። ቃሉን አውቆታል። ግን አንገቱን ነቀነቀ።

«ማስረጃ አምጪ» አለኝ። «ፈሳሽ ያልነካ፣ ሽቦ ያልነካ፣ ጨረር ብቻ ያገኘው ሰው አምጪና እጄን እሰጣለሁ።»

እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል። ሻለቃው ሰዓታቸውን አውጥተው አዩ፤ ከዚያ ሣጥናቸውን አነሱ። አለቀ፣ ባሌን ቀበርኩት አልኩ በልቤ። እንባዬ እንኳ አልመጣልኝ፤ የበሩን መጋረጃ ጨርቅ በጣቴ እየቆነጠርኩ ቆሜ ነበር። በዚህ መሐል ነው ክርክሩን ከኮሪደሩ የሰሙት አባ የገቡት።

ካባቸውን እንደለበሱ ነው። ግራ እጃቸው እጅጌያቸው ውስጥ ገብቷል። እኔን ሰላም አላሉኝም፣ ሻለቃውንም አላዩዋቸውም። የቀሩበትን ቀን ሁሉ ቤታቸው ዘግተው እንደቆዩ ያስታውቃል፤ ጺማቸው ተንጨባሯል፣ ዓይናቸው ገብቷል። ቀጥ ብለው ወንድማቸው ፊት ቆሙ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ፈሳሽ ነክቼ አውቃለሁ?» አሉት።

ባሌ ግራ ገባው። «የለም፣ ጋሼ።»

«ሽቦስ?»

«ሽቦው በዚያ በኩል ነው። አንተ የተቀመጥከው ከሣጥኑ ጀርባ ነበር። ምነው?»

«እጄ የት ነበር?»

«ሣጥኑ ጎን ላይ ታስደግፈው ነበር» አለ ባሌ፤ አለና ድምፁ መሐል ላይ ቆመ።

አባ ከካባቸው ኪስ አንድ የታጠፈ የእርሳስ ገበር አወጡና ጠረጴዛው ላይ ጣሉት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ጥገና የተረፈ መሆኑ ነው። እንደ ጓንት ተደርጎ ተጠፍጥፏል፤ መሐል ላይ ለአንድ ጣት ብቻ የሚሆን ቀዳዳ አለው። ቀጥለው ግራ እጃቸውን ከእጅጌያቸው ሳቡት።

እጃቸው ንጹሕ ነበር። አራቱ ጣት፣ መዳፉ፣ አንጓው፣ ሁሉም የጸሐፊ እጅ ይመስል ለስላሳ ነው። የመሐል ጣታቸው ብቻ ከጫፉ እስከ ሥሩ ተልጦ፣ ጠቁሮና ቀልቶ፣ ጥፍሩ ተነስቶ ሥጋው ላይ ተንጠልጥሏል። የተላጠበት ወሰን በመቀስ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው፤ ቀዳዳው ያለቀበት ቁስሉም አልቋል። ያንን ቁስል አውቀዋለሁ። ከዓመት በፊት ባሌ ጣት ላይ ሲጀምር ልክ ይህንኑ ነበር የሚመስለው። አፌን በእጄ ያዝኩ። ሻለቃው ራሳቸው፣ ስንት ጉድ ያዩ ሰውዬ፣ ሣጥናቸውን መልሰው መሬት አስቀመጡት።

ባሌ የወንድሙን እጅ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። የእርሳሱን ገበር አነሳ፤ ቀዳዳውን ከጣቱ ጋር አስተያየ። ሰዓት ሲጠግን እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለቴ ሦስቴ አገላበጠው፤ የሚፈልገው ሌላ ምክንያት ነው፣ ያገኘው ግን የለም። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«በየጠዋቱ ሽቦውን የማበራው እኔ ነበርኩ» አለ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ ያቃጠልኩህ። እያሳየሁህ፣ እየሳቅሁ።»

ባሌ ያለቀሰው የራሱ እጅ ሲበሰብስ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ደህናውን እጁን ለሻለቃው ዘርግቶ እንዲያነሱት ጠየቃቸውና፣ ይቁረጡት ጌታዬ፣ አሁን አለ። አምፖሉንም ማንም እንዳይነካው በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ እንድከት አዘዘኝ። ቆለፍኩት።

ሻለቃው ጊዜ አላባከኑም። ባሌን ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት፤ የማደንዘዣው ሽታ በበሩ ሥር ሲመጣ እኔና አባ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። መጀመሪያ ላይ ልስማቸው ፈልጌ ነበር፣ ጉልበታቸው ሥር ወድቄ። ትንሽ ቆይቶ ግን ንዴት መጣብኝ። ያን ሁሉ ቀን ዳቦና ሻይ ስልክላቸው ለካ ጣታቸውን እየጠበሱልኝ ነው። ባልነግራት ይሻላል ብለው ነው? ሰው እንዴት እያወቀ ራሱን ያቃጥላል ብዬ በሹክሹክታ ጮህኩባቸው። ቁስለኞቹ እንዳይሰሙ።

አባ የቆሰለውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እሱን እሱን ያያሉ።

«እያወቅሁ አይደለም» አሉኝ። «አላመንኩትም ነበር።»

አልገባኝም። ምኑን አልኳቸው።

«ጨረሩን። አንድ የማይሞቅ፣ የማይታይ ነገር ሰው ያቆስላል ብዬ አላመንኩም። ምንም አይመጣም ብዬ፣ የተሸፈኑትን ከተገለጠው ጋር እንዲያስተያይ አንዱን ጣት ብቻ ክፍት ትቼ ነው የተቀመጥኩት። ደህና እጄን ይዤ መጥቼ፣ ይኸው ጨረርህ ንጹሕ ነው፣ ቁስልህ ግን ከላይ ነው፣ ተንበርከክ ልለው ነበር። ልረታው ነበር የፈለግሁት።»

ቀጠሉ። ጣታቸው የቀላ ጊዜ ተባይ ነው ብለው አልፈውታል። ማሳከክ ሲጀምር ብርድ ነው አሉ። ከተላጠም በኋላ እርሳሱን አጥልቀው ብዙ ጠዋት ተመላልሰዋል፤ ማመን ስላልፈለጉ ብቻ። ወንድማቸው ሌላ ሌላ ምክንያት ሲደረድር እሳቸውም ቤታቸው ተቀምጠው ያንኑ ሲያደርጉ ነበር። ጥፍራቸው የተነሳ ዕለት ግን የሚሉት አለቀባቸው። በመጨረሻ ወደኛ ያመጣቸው የሻለቃውን ባቡር መሄጃ መስማታቸው ነው።

ደንግጬ አየኋቸው። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለጨረሩ ይኸው ጣት አለኝ» አሉ። «ሕፃንም ቢጠይቀኝ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰበክሁት ግን እንዲህ ያለ ጣት የለኝም፣ ልጄ። ሌሊቱን ስፈልግ ነበር። የለኝም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከቄስ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሁለቱም ሲጨቃጨቁ ሳህን ያነሳሁ ሴት ነኝ፤ ግን አንደኛው ጥግ ላይ አባ እንዳሉ፣ እንደማይነቃነቁ ማወቄ ያሳርፈኝ ነበር መሰለኝ፤ ሳላውቀው። ልጄን የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ሊተዉት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልተወውም» አሉ። «ግን ከእንግዲህ ወንድሜ ሲጠይቀኝ አልቆጣም። የሚጠይቀኝ የገዛ ጥያቄዬን ነው።»

በሩ ተከፈተ። ሻለቃው እጅጌያቸውን እያወረዱ ወጡና፣ ተርፏል፣ ከክርኑ በታች ነው፣ ደሙ ቆሟል አሉን። የአባን ጣት ለአፍታ አይተው ጨረር ያለበት ክፍል ዳግመኛ እንዳይገቡ ካስጠነቀቋቸው በኋላ ጓንታቸውን አድርገው ወደ ሠረገላው ሄዱ። አመሰግናለሁ ለማለት እየሮጥኩ ብከተላቸው በሰላምታ እጃቸውን ቆባቸው ላይ አድርገው አለፉኝ። ብዙ ሳይቆይ የባቡሩ ፉጨት ተሰማ።

ባሌን በመስኮቱ በኩል ያለ አልጋ ላይ አስተኙት። ከሰዓቱ ፀሐይ ነጩ አንሶላ ላይ ወድቋል። ቀኝ እጁ ከላይ ነው፤ ግራው ከክርኑ በታች በፋሻ ተጠቅልሎ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ አንሶላው ዝርግ ነው። ዓይኔን ከዚያ ዝርግ ቦታ መንቀል አቃተኝ። አባ በእግርጌው በኩል ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ዓይኑን ሲገልጥ ከንፈሩ ደርቋል። ውኃ በጥጥ አስነካሁት። ቀስ ብሎ ወደ ግራው አየና ፊቱ ተጨማደደ።

«ፍቺልኝ» አለ።

ፋሻው አጥብቆት ይሆናል ብዬ ጎንበስ አልኩ። የለም፣ ፋሻው አይደለም፣ እጄን ነው አለኝ። አውራ ጣቴ መዳፌ ውስጥ ተቆልፏል፣ ጥፍሩ እየወጋኝ ነው አለ። ማደንዘዣው ገና አለቀቀውም አልኩ በልቤ። ፀጉሩን እየደባበስኩ እንደ ምንም ብዬ ነገርኩት። ተቆርጧል፣ ዓለሜ፣ የለም እኮ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፤ የሚቃዥ ሰው ዓይን አይደለም። ፍርሃት ግን ሞልቶበታል። «አያለሁ እኮ፣ የለም። ግን አለ። አምስቱም ጣቴ አሉ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ያመኛል።»

ወደ ወንድሙ አየ። አንድ ነገር ይለኛል ብሎ እንደጠበቀ ገብቶኛል፤ ስንት እሑድ ሙሉ ያላየኸውን እያለ የሳቀባቸው ሰው ነው። አባ ግን እንባ ባቀረረ ዓይናቸው አይተውት የእግርጌውን አንሶላ አስተካከሉለት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ ታየኝ ይሆን ብዬ ወደ በሩ ገላመጥኩ፤ እንደ ሞኝ ነው የተሰማኝ። ከዚያ ፋሻው ካለቀበት ትንሽ ዝቅ ብዬ፣ ባዶው አንሶላ ላይ፣ ሁለቱን እጆቼን አስቀመጥኩ።

«እዚህ ጋ ነው?» አልኩት።

«ዝቅ በይ። ትንሽ ወደ አንቺ።»

«እዚህ?»

«አዎ። እሱ ነው አውራ ጣቱ። ቀስ በይ።»

በሁለት ጣቴ ምንም የሌለውን ነገር ያዝኩ፤ የደህና እጁን አውራ ጣት ውፍረት አስቤ ያን ያህል አድርጌ ያዝኩት። ቀስ ብዬ ወደ ውጭ አጠፍኩት። ቀጥሎ ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው፤ ትንሹን ስዘረጋ፣ እሱን ተይው፣ እሱ ደህና ነው አለኝ። ተውኩት። የባሌ ትከሻ ሲላላ፣ ጥርሱን ከመንከስ ሲያርፍ ፊቱን እያየሁ ነበር። ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ተከፈተ» አለ።

እጆቼን ላነሳ ስል በደህናው እጁ ክንዴን ያዘኝ።

«አትልቀቂው» አለኝ።

አልለቀቅሁትም።